የሚረግፉት ሕዋሳት፦ የሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ «የጉድለት ውዳሴ» በአማርኛ አንባቢ ዓይን

በአማርኛ የሚጻፈው ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ልቦለድንና ግጥምን ይመለከታል። የሳይንስ ሰው የጻፈው ግለ ታሪክ ወደ ሂስ ገጽ ሲመጣ እምብዛም አይታይም፤ ቢመጣም እንኳ ባለታሪኩን ለማመስገን እንጂ መጽሐፉን ለመመዘን አይደለም። ዛሬ የምናነሣው መጽሐፍ ግን በሥነ ጽሑፍ ሚዛንም ሊመዘን የሚገባው ነው። ጣሊያናዊቷ የነርቭ ተመራማሪ ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ ግለ ታሪካቸውን በ1987 በጣሊያንኛ አሳተሙ። በዓመቱ ደግሞ በሉዊጂ አታርዲ ተርጓሚነት በእንግሊዝኛ ወጣ። አርእስቱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጉድለት ውዳሴ» ሊባል ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልን።

መጽሐፉ የሚተርከው ብዙ ነው፤ በቱሪን ከተማ በአይሁዳዊ ቤተሰብ ውስጥ ስለ ማደግ፣ ሴት ልጁ ዩኒቨርሲቲ እንድትገባ መጀመሪያ ስላልወደደ አባት፣ ሠዓሊ ስለ ሆነች መንትያ እኅት፣ ስለ ጦርነትና ስለ መደበቅ፣ ቆይቶም በአሜሪካ ስለ ተካሄደ ረጅም ምርምር። የዚህ ሁሉ እንብርት ግን አንድ ያልተለመደ ሐሳብ ነው። ይኸውም ከአካላችን ሁሉ ረቂቅ የሆነው የነርቭ ሥርዓት በሽል ዘመኑ የሚታነጸው ሕዋሳትን በማብዛት ብቻ ሳይሆን ከበዙት ውስጥ ብዙዎቹን በማጥፋት ጭምር መሆኑ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው በብዙ የነርቭ ክፍሎች ከተፈጠሩት ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ፍጥረቱ ከመወለዱ ወይም ከመፈልፈሉ በፊት፣ አለዚያም ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆዩ ይጠፋሉ። ይህም በበሽታ ወይም በአደጋ የሚመጣ ሳይሆን ከጤነኛው አፈጣጠር አንዱ ክፍል ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በቋንቋችን እንዴት እንናገረዋለን? ይህ ጥያቄ መጽሐፉን ለመተርጎም ለሚያስብ ሰው የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የመኝታ ቤቱ ቤተ ሙከራ

ከመጽሐፉ ምዕራፎች በትረካ ኃይሉ የሚበልጠው የጦርነቱ ዘመን ነው። ደራሲዋ በ1936 ከቱሪን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። መምህራቸው ስመ ጥሩው የአናቶሚ ሊቅ ጁሴፔ ሌቪ ነበሩ፤ በዚያው መምህር ሥር ከተማሩት ውስጥ ሳልቫዶር ሉሪያና ሬናቶ ዱልቤኮም በኋላ የኖቤል ተሸላሚዎች ሆነዋል። በ1938 የሙሶሊኒ መንግሥት ያወጣቸው የዘር ሕጎች አይሁዳውያንን ከዩኒቨርሲቲ አስወጡ። ሪታም ለጥቂት ጊዜ ብራስልስ ከሠሩ በኋላ ወደ ቱሪን ተመልሰው በመኝታ ክፍላቸው ቤተ ሙከራ አቋቋሙ። የልብስ መስፊያ መርፌ ሞርደው መቁረጫ አደረጉ፤ የሰዓት ሠሪና የዓይን ሐኪም ወረንጦ ያዙ። ዕንቁላል ለመግዛት ወደ ገበሬዎች ሲሄዱ ከአውራ ዶሮ የተገኘው ለልጆቼ ይበልጥ ይስማማል እያሉ ይለምኑ ነበር፤ ልጆች ግን አልነበሯቸውም። ሽሉ ከወጣ በኋላ የቀረው ዕንቁላል ደግሞ ለቤተሰቡ ምግብ ይሆናል፤ ወንድማቸው ጂኖ ይህን ሲያውቅ መብላቱን እንዳቆመ በፈገግታ ይነግሩናል።

ለዚህ ሥራ መነሻ የሆናቸው በ1934 የወጣ አንድ ጥናት ነው። ጸሐፊው ቪክቶር ሐምበርገር ይባላሉ። እርሳቸውም ጀርመናዊ አይሁዳዊ ናቸው፤ ለምርምር ወደ ቺካጎ ሄደው ሳሉ በ1933 የናዚ ሕግ ከፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሥራቸው ስላሰናበታቸው በዚያው በአሜሪካ ቀሩ። ሐምበርገር ከጫጩት ሽል ላይ የክንፉን ቡቃያ ቆርጠው ሲያነሡ ክንፉን ሊያንቀሳቅሱ የነበሩት የነርቭ ሕዋሳት በኅብለ ሰረሰሩ ውስጥ እጅግ አንሰው አገኟቸው። ምክንያቱን ሲያስረዱም ከክንፉ የሚመጣ አንድ መልእክት ገና መልክ ያልያዙትን ሕዋሳት የነርቭ ሕዋስ እንዲሆኑ የሚጠራቸው ይመስላል፤ ክንፍ ከሌለ ጠሪ የለም፤ ጠሪ ከሌለ ተጠሪ አይኖርም አሉ።

ሪታ ይህን ጽሑፍ ያነበቡት በ1940 በጋ፣ ለከብት ማጓጓዣ በሚውል የባቡር ፉርጎ ላይ ሲጓዙ ነበር። ከዚያ በኋላ እርሳቸውም እርሳቸውን የተቀላቀሉት ጁሴፔ ሌቪም ያንኑ ሙከራ ደገሙት፤ ያዩት ነገር ግን ሌላ ነበር። ሕዋሳቱ ሳይጠሩ የቀሩ አልነበሩም። ተወልደዋል፤ መልካቸውን ይዘዋል፤ ክራቸውን ወደ ክንፉ ስፍራ መዘርጋት ጀምረዋል። ክንፉን ሲያጡት ነው የሞቱት። አይሁዳውያን በጣሊያን መጽሔቶች መጻፍ ስለ ተከለከሉ ውጤቱ በ1942 በቤልጅግ መጽሔት ታተመ። ሕዋስ አለመፈጠሩና ተፈጥሮ መሞቱ፣ ቆጠራው በሚደረግበት ቀን አንድ ዓይነት ቁጥር ይሰጣሉ። ልዩነቱን ለማየት ሽሉን ዕለት በዕለት መከታተል ያስፈልጋል። ቦምብ በሚዘንብበት ከተማ፣ የዕንቁላልን ቀን ሳያዛንፉ መቁጠርን ደራሲዋ ያለ ማጋነን ተርከውታል፤ የትረካቸው ክብርም ከዚህ ቁጥብነት ይመጣል።

በዚህ ስፍራ የምሥራቅ አፍሪካ ቀንድ አንባቢ ሌላ ቆጠራ ማድረጉ አይቀርም። ደራሲዋ የተመረቁበት 1936 የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ የገባበት ዓመት ነው። ከ1938ቱ ሕጎች አስቀድሞ፣ በሚያዝያ 1937፣ ያው መንግሥት ጣሊያናውያን በቅኝ ከያዛቸው የምሥራቅ አፍሪካ ተወላጆች ጋር እንደ ባልና ሚስት እንዳይኖሩ የሚያግድ ሕግ አውጥቶ ነበር። በቱሪን የመኝታ ቤት በር ላይ የደረሰው የዘር ሕግ ቀደም ብሎ በአስመራና በአዲስ አበባ መንገዶች ሠርቶበታል ማለት ነው። ወደ አማርኛ የሚመልሰው ተርጓሚ በጽሑፉ ውስጥ ባያስገባውም በመቅድሙ ሊያሳስበው የሚገባ ታሪክ ነው፤ አንባቢያችን መጽሐፉን ከሩቅ አገር እንደ መጣ ብቻ እንዳያነበው ይረዳዋልና።

የጦር ሜዳ ወይስ የወፎች ጉዞ

ጦርነቱ አልቆ በ1947 ሐምበርገር ደራሲዋን ወደ ሴንት ሉዊስ ጋበዟቸው። ለጥቂት ወራት የታሰበው ጉብኝት ሠላሳ ዓመት ያህል ቆየ። በ1949 ሁለቱ በጋራ ባሳተሙት ጥናት ምንም ባልተነካ ጤነኛ የጫጩት ሽል ውስጥም የነርቭ ሕዋሳት በብዛት እንደሚሞቱ አሳዩ፤ ሞቱም ክንፍና እግር በሌለበት በአንገትና በደረት አካባቢ ባሉት የነርቭ ጉብታዎች የበረታ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ይህን ሲገልጹ ሁለት ምስሎችን ይጠቀማሉ። ሕዋሳቱ ከተወለዱበት ተነሥተው ወደ ቦታቸው ሲሄዱ እንደሚሰደዱ ወፎች ናቸው፤ ሲሞቱና በአጽጂ ሕዋሳት ሲለቀሙ ደግሞ ትዕይንቱ ሬሳ የሚነሣበት የጦር ሜዳ ይመስላል።

ሁለተኛው ምስል በቀላሉ ከኅሊና አይጠፋም። ጦርነትን ያየ ሰው፣ በ1944 በፍሎረንስ የስደተኞች መጠለያ ሐኪም ሆኖ በተስቦ የሚያልቁትን ያስታመመ ሰው፣ በማይክሮስኮፕ ሥር ሬሳ ማየቱ አያስደንቅም። ይሁን እንጂ ሥነ ጽሑፋዊ ብርታቱን አድንቀን እውነትነቱን መጠየቅ ይኖርብናል። በጦር ሜዳ ጠላት አለ፤ ድል አድራጊም አለ። በሽሉ ውስጥ ግን የሞተውን ሕዋስ የገደለው ጎረቤቱ አይደለም። ሞቱን የሚፈጽሙት በራሱ ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ናቸው፤ ሞቱም ያለ ብግነትና ያለ ጠባሳ ያልፋል። የጦር ሜዳው ምስል አንባቢን ይይዘዋል፤ ከያዘው በኋላ ግን የሚመራው ወደ ሌላ መንገድ ነው። ከሁለቱ ወደ እውነቱ የሚቀርበው ደራሲዋ በአጭሩ ያለፉት የወፎቹ ምስል ነው፤ ብዙዎች ይነሣሉ፤ ማረፊያ የሚያገኙት ግን ሁሉም አይደሉም።

ሐምበርገር የት ናቸው?

የመጽሐፉ ሁለተኛ ድካም የሚታየው በአሜሪካው ዘመን ትረካ ነው። ሁኔታው እንዲህ ነበር። በ1948 ኤልመር ቡከር የተባሉ ተመራማሪ በጫጩት ሽል ላይ የአይጥ ካንሰር ዕባጭ ሲተክሉ ነርቮች ወደ ዕባጩ እንደሚበዙ አሳወቁ። ሪታ ይህን ተከትለው ዕባጩ የሚያመነጨው ነገር መኖሩን ገመቱ፤ ዕባጭ ያለባቸውን አይጦች ይዘው በ1952 ወደ ሪዮ ዴ ጃኔሮ በረሩ፤ በዚያም በብርጭቆ ውስጥ የተቀመጠው የነርቭ ጉብታ በጥቂት ሰዓታት ዙሪያውን የብርሃን አክሊል የመሰለ የክር ጸዳል ሲያወጣ አዩ። በ1953 የሥነ ሕይወት ኬሚስቱ ስታንሊ ኮኸን መጡ። ንጥረ ነገሩ በመጀመሪያ ከዕባጩ፣ ቀጥሎ በእባብ መርዝ ውስጥ፣ በመጨረሻም በወንድ አይጥ የምራቅ ዕጢ ውስጥ ተገኘ። የነርቭ ማሳደጊያ ፕሮቲን ተባለ። ይህን ፕሮቲን የሚያመክን ፀረ አካል አዲስ ለተወለዱ አይጦች ሲሰጥ የሲምፓቴቲክ ነርቮቻቸው ከሞላ ጎደል ጠፉ። በዚህም ነርቩ የሚደርስበት አካል የሚሰጠው መልእክት ሕዋስ እንዲፈጠር የሚጠራ ሳይሆን የተፈጠረው እንዲቆይ የሚመግብ መሆኑ ተረጋገጠ።

በ1986 የኖቤል ሽልማት ለሪታና ለኮኸን ሲሰጥ ሐምበርገር አልተጨመሩም። በሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች ቅሬታቸውን በጊዜው በጽሑፍ ገልጸዋል። መጽሐፉ ሐምበርገርን አያንቋሽሽም፤ እንዲያውም በአክብሮት ያነሣቸዋል። ነገር ግን ክብር መስጠትና ቦታ መስጠት ይለያያሉ። ሐምበርገር ጋባዥ፣ ጨዋ፣ ደግ ሽማግሌ ሆነው ይቀርባሉ፤ ጥያቄውን ያነሡት፣ የቆረጣውን ዘዴ ያቀኑት፣ ሐሳባቸው ስሕተት ሆኖ ሲገኝ ስሕተቱን ካገኙት ጋር አብረው የሠሩት ሳይንቲስት ግን ደብዘዝ ይላሉ። እኒያ ሰው በ75 ዓመታቸው፣ በ1975፣ እንደገና ወደ ጫጩት ሽል ተመልሰው የእግርን የእንቅስቃሴ ነርቮች በመቁጠር ምን ያህሉ በጤናማ ዕድገት እንደሚሞቱ የሚያሳይ ጥናት ብቻቸውን አሳትመዋል። እስከ 2001 ድረስም ኖረዋል። ግለ ታሪክ ዐቃቤ ሕግም ዳኛም አይደለም፤ ደራሲው በራሱ ዓይን ያየውን መጻፍ መብቱ ነው። ጉድለትን የሚያወድስ መጽሐፍ ግን የራሱን ተራኪ ጉድለትም ለመመልከት ከሌላው ይልቅ ዕዳ አለበት።

ለዚህ ሞት ምን ስም እንስጠው?

አሁን ወደ አማርኛው እንምጣ። የመጀመሪያው ችግር «ሕዋስ» የሚለው ቃል ነው። ቃሉ ከግእዝ ሲወርድ የአካል ክፍልንና የስሜት መቀበያን ይዞ መጥቷል፤ «አምስቱ የስሜት ሕዋሳት» እንላለን። በቅርቡ ዘመን ደግሞ የፖለቲካ ድርጅት ትንሹ ክፍል «ሕዋስ» ተብሏል። ስለዚህ «የነርቭ ሕዋሳት ሞት» የሚለውን ሐረግ ያልለመደ አንባቢ የስሜት መጥፋት፣ ማለትም መደንዘዝ፣ ወይም ሽባነት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ተርጓሚ ቃሉን መተው አይችልም፤ በመጀመሪያው ገጽ ግን ጥርት አድርጎ ማስረዳት አለበት።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ይከብዳል። በ1960ዎቹ፣ የሐር ትል ወደ ብራቢሮ ሲለወጥ ጡንቻው እንዴት እንደሚጠፋ ያጠኑ ሰዎች «በፕሮግራም የሚፈጸም የሕዋስ ሞት» የሚለውን አነጋገር አመጡ። በእኛ ጽሑፎች ይህ አንዳንድ ጊዜ «የታቀደ ሞት»፣ አንዳንድ ጊዜም «የተወሰነ ሞት» እየተባለ ይመለሳል። «የታቀደ» ሲባል አቃጅ ይፈለጋል። «የተወሰነ» ሲባል ደግሞ ቀኑ የደረሰ፣ ዕጣው የወጣ፣ ከላይ የተጻፈ ይመስላል። ሳይንሱ ግን በዚህ ላይ አንድ ቃል የለውም። በአንዲት ትንሽ ትል ውስጥ 1,090 የአካል ሕዋሳት ይፈጠሩና ከእነርሱ 131 ይሞታሉ፤ 959 ይቀራሉ። የሚሞቱት ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው። ይህን ላረጋገጡት ለብሬነር፣ ለሆርቪትዝና ለሰልስተን የ2002 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል። እዚህ ላይ «የተወሰነ» ብንል ያስኬዳል። በጫጩቱ ኅብለ ሰረሰር ግን የትኛው ሕዋስ እንደሚሞት አስቀድሞ የተጻፈ ነገር የለም፤ የሚወስነው የሚመግበውን ንጥረ ነገር ማግኘቱና አለማግኘቱ ነው። በ2012 የታተመ ጥናት ደግሞ ሦስተኛ መልክ አሳይቷል፤ በአይጥ የአንጎል ቅርፊት ውስጥ ያሉ አንዳንድ የነርቭ ሕዋሳት ወደ ሌላ አንጎል ቢዛወሩም እንኳ በራሳቸው የዕድሜ ሰዓት፣ ከ100 ወደ 40 ያህሉ ይሞታሉ። እነዚህን ሦስቱን በአንድ ቃል የሸፈነ ተርጓሚ ሳይንሱን ወደ ዕጣ ፈንታ ለውጦታል።

ሦስተኛው ቃል «አፖፕቶሲስ» ነው። በ1972 በስኮትላንድ የአበርዲን ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ኬር፣ ዋይሊና ከሪ ይህን ስም ያገኙት ከግሪክ ቋንቋ መምህሩ ጄምስ ኮርማክ ነው። ትርጉሙ የቅጠል ከዛፍ፣ የአበባ ቅጠልም ከአበባ መውደቅ ነው። የተመታ ወይም የተቃጠለ ሕዋስ አብጦ ይፈነዳል፤ ዙሪያውንም ያቆጣል። ይህኛው ግን ኩምትር ይላል፤ ተቆራርጦ በትንንሽ ጥቅል ይሆናል፤ ጎረቤቶቹም ጸጥ ብለው ይውጡታል። አማርኛ ለዚህ ከግሪኩ የማያንስ የራሱ ቃል አለው፤ «ረገፈ» እንላለን። «ርግፈት» ብንለው ቅጠሉም አበባውም አሉበት። ከዚህም በላይ ቃላችን ግሪኩ የሌለውን አንድ ነገር ይጨምራል። ሰው በወረርሽኝ ወይም በጦርነት ሲያልቅ «እንደ ቅጠል ረገፈ» ይባላል። ስለዚህ የሦስቱ ሊቃውንት ዛፍና የሪታ የጦር ሜዳ በአንድ የአማርኛ ግስ ውስጥ ተገናኝተዋል። ይህ ለተርጓሚ ሀብትም አደጋም ነው። ሀብት የሚሆነው ቃሉ ሳይብራራ ለማንም ስለሚገባ ነው፤ አደጋ የሚሆነው ደግሞ ሐዘንን አብሮ ስለሚጠራ ነው። በእኔ አስተያየት «ርግፈት» ለጸጥተኛው አሟሟት ይዋል፤ «ሞት» ለጠቅላላው ነገር ይቅር፤ «የታቀደ» የሚለው ግን ይቅርብን።

ትምህርት ፍለጋ

ቃሉን አጥብቀን መምረጣችን ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ያለው ሳይንስ ወደ ሕዝብ ቋንቋ ሲገባ ትምህርት ተለጥፎበት ይገባል። ተፈጥሮ ደካማውን ትጥላለች፣ ብርቱውን ታስቀራለች፤ እንግዲህ በማኅበረሰብም እንዲሁ ነው የሚሉ ሰዎች የሕዋስን ሞት ለምስክርነት ይጠራሉ። ሪታ በወጣትነታቸው ያመለጡት ሥርዓት እንዲህ ባለ ንግግር የሠለጠነ ነበር። ሙከራው የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው። በ1976 ሆሊደይና ሐምበርገር በጫጩት ሽል ላይ አንድ ተጨማሪ እግር ተከሉ፤ ሊሞቱ ከነበሩት የእንቅስቃሴ ነርቮች ብዙዎቹ ዳኑ። ሕዋሳቱ ያው ናቸው፤ የተለወጠው የሚደርሱበት አካል ስፋት ነው። እንግዲህ ሊሞቱ የነበሩት ደካሞች ስለ ነበሩ ሳይሆን ማረፊያው ስለ ጠበበ ነው።

ከዚህም ላይ ሌላ የማኅበራዊ ፍትሕ ስብከት ማውጣት የሚወድ ይኖር ይሆናል፤ ይህም ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። ሕዋስ ሰው አይደለም፤ አይራብም፤ አይበደልም። በ1996 ለሕዋስ ሞት የሚያስፈልገውን ካስፔዝ-3 የተባለ ፕሮቲን የሌላቸው አይጦች ሲወለዱ አንጎላቸው በትርፍ ሕዋሳት ተዛብቶ ተገኘ፤ በጥቂት ሳምንታትም ሞቱ። ሁሉ ይትረፍ ብንልም ፍጥረቱ አይቆምም። የሽሉ ርግፈት ለጨካኝም ለርኅሩኅም ምስክር አይሆንም። ተርጓሚ ማድረግ የሚችለው ቃሉን ንጹሕ አድርጎ ማቅረብ ነው፤ አንባቢ በቃሉ ተጎትቶ ወደ አንዱ ወገን እንዳይወድቅ።

አርእስቱም በዚህ መንገድ መታየት አለበት። ደራሲዋ በመግቢያቸው የአየርላንዱን ባለቅኔ የየትስን ሐሳብ ያነሣሉ፤ ሰው ከሕይወቱና ከሥራው አንዱን ብቻ ፍጹም ለማድረግ ይገደዳል የሚለውን። እርሳቸው ሁለቱንም ፍጹም እንዳላደረጉ፣ በዚህም እንደማይጸጸቱ፣ ለሰው ተፈጥሮም ከፍጹምነት ይልቅ ጉድለት እንደሚስማማ ይከራከራሉ። «ሕጸጽ» ብንለው የዳኛ ቃል ይሆናል፤ «እንከን» ብንለው የዕቃ ነውር ይመስላል። «ጉድለት» ግን ያልሞላን ነገር ያሳያል፤ ያልሞላ ነገር ደግሞ ገና ሊሞላ ይችላል። «ውዳሴ» ከሚለው የጸሎት ቃል አጠገብ ሲቆም የሚፈጥረው መጋጨት ደራሲዋ የፈለጉትን ዓይነት ነው።

ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒ በታኅሣሥ 2012 በ103 ዓመታቸው ሮም ላይ ዐረፉ። በ1992 ከመንትያ እኅታቸው ከፓኦላ ጋር የመሠረቱት ድርጅት በኋለኞቹ ዓመታት የአፍሪካ ሴቶች እንዲማሩ ሲረዳ ቆይቷል። ይህን የምናነሣው ለውዳሴ ብቻ አይደለም። የሕክምናና የሥነ ሕይወት ተማሪዎቻችን ስለ ነርቭ የሚማሩት በእንግሊዝኛ፣ በፈረንሳይኛ ወይም በዐረብኛ ነው፤ ወደ ቤት ሲመለሱ ለእናታቸው የሚያስረዱበት ቃል ያጣሉ። «የጉድለት ውዳሴ» በሐምበርገር ላይ ያለበት ንፍገት ሳይደበቅ፣ የጦር ሜዳው ምስል ሳይለሰልስ፣ ነገር ግን ሁለቱም በመቅድም ተመዝነው ወደ አማርኛ ቢመለስ እነዚያን ቃላት የሚፈትን ጥሩ ሥራ ይሆናል። መጽሐፉ ፍጹም አይደለም፤ ትርጉሙም ፍጹም አይሆንም። ሆኖም ስለ ነርቭ አፈጣጠር በአማርኛ ማሰብ የሚፈልግ አንባቢ ሊያጣው የማይገባ መጽሐፍ ነው።